ዓይኑን ለጨፈነ ሰው የሚሆን ዕቃ

በጤና ጣቢያው ድሬሰር በአቶ መርዳሳ ቤት በየእሑዱ አንድ ሰው ይወለድ ነበር።

ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው ሰፈር በዚህ ነገር መገረም ከጀመረ ቆይቷል። ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ ይደፋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃያ የሚሆን ሰው ይሰበሰባል፤ ሻማ ይለኮሳል። ጋሽ ወልደአማኑኤል የሚባሉት የቤቱ ወዳጅ ብቻቸውን በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ስልሳ ሞልቷቸዋል። ዕድሜያቸውን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቀስ ብለው "ልደቴ ዛሬ ነው እንዴ?" ብለው ያጣራሉ።

ልደቱ ሽፋን ነው። ሰዎቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስራል፤ ዳቦ መቁረስ ግን እስከዚያን ጊዜ ድረስ ማንንም አላሳሰረም። ስለዚህ ዳቦው ቢላ ተጋድሞበት ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃል፣ እነሱ ይጸልያሉ፤ አብዮት ጥበቃ የመጣ እንደሆነ ብድግ ብለው "መልካም ልደት" ይዘምራሉ። ዕቅዱ ይኸው ነው፤ ሲነገር እንዴት ያምራል! ችግሩ፣ አብዮት ጥበቃው መምጣቱን የሚያውቅ አንድም ሰው በቤቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲጸልዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብለው፣ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። በር ላይ ዘብ ማቆም ተሞክሯል። ጫልቱ የምትባል ሳቂታ ልብስ ሰፊ፣ ሰው ሲመጣ እንድታስል በረንዳው ላይ ቆመች። በሁለተኛው መዝሙር እግሯ ደፉን ተሻገረ፤ በሦስተኛው እጇን ዘርግታ ከሁሉም በላይ ትወዛወዝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ተተካ። እሱማ አንደኛው መዝሙር እንኳ ሳያልቅ ገባ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው ጉዱ የፈላው። የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ ባጫ ጠመንጃውን አንግቶ ሳሎኑ መሃል ሲቆም፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ያየው ሰው አልነበረም። ጋሽ ወልደአማኑኤል እንዲያውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ትከሻውን ይዘው "ወንድሜ፣ ተንበርከክ" ብለውታል። ያን ቀን አቶ መርዳሳ "ሰብሳቢው እኔ ነኝ፣ ሌላው እንግዳ ነው" ብለው ወጡ፤ ሰባት ወር ታሰሩ። ሲፈቱም "ሁለተኛ ከተገኘህ ወደ ቤት መመለስ የለም" ተብለው ፈረሙ። ፈርመው በወጡ በሁለተኛው እሑድ ዳቦ አስደፉ።

ልጃቸው ጉዲቱ ለሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያገኘችው ይህንን ነው። እዚያ ባለ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲዛይን ትማራለች። የእናቷ ወዳጆች "ምንድነው እሱ? ስፌት ነው?" ይሏታል። "የኩባያ ጆሮ የት ጋ ቢቀጠል እጅ እንደማያቃጥል ነው" ትላቸዋለች፤ እነሱም ከልባቸው ያዝኑላታል። ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የመጡት መምህሯ ለክረምቱ የቤት ሥራ ሰጥተዋቸው ነበር፦ የምታውቁት ሰው የሚቸገርበትን ነገር ፈልጉ፣ ዕቃ ሥሩለት፣ ሲጠቀምበት አፋችሁን ዘግታችሁ ተመልከቱ። "ሰውየው ካቃተው ሰውየውን እንዳትቆጡት፣ ዕቃውን ተቆጡት" ይላሉ።

ጓደኞቿ በርጩማና የሳሙና ማስቀመጫ ይሠሩ ነበር። ጉዲቱ ግን ለአባቷ ፈርታላቸው ነበር። እናቷ ወይዘሮ የሺዓለም ሰባት ወር ሙሉ ስንቅ አመላልሰው ጫማቸው ተበስቶ አይታለች። አባቷን ሁለተኛ ብታጣ እንደማትችለው ታውቃለች፤ "ተው" ብትላቸው እንደማይተዉም ታውቃለች። መተው ካልቻሉ እንግዲህ ዕቃ ይሠራላቸዋል።

መጀመሪያ ደወል ሠራች። የብስክሌት ደወል ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አሰረች፣ ከደወሉ እስከ ግቢው የቆርቆሮ በር ሲባጎ ዘረጋች፤ ሲባጎው በየጥጉ እንዳይያዝ ጫልቱ በሰጠቻት ባዶ የክር በከራ ላይ አሳለፈችው። በሩ ሲከፈት ሲባጎው ይሳባል፣ ደወሉ ይጮኻል። ዘብ አያስፈልግም፤ በር አይዘምርምና! በዚህች ሐሳብ ከመደሰቷ የተነሳ ብቻዋን ግቢው ውስጥ ተሽከረከረች። ምእመናኑ የሚገቡት በጫልቱ ጓሮ በኩል ስለሆነ፣ በፊት ለፊቱ በር የሚመጣው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

እሑድ መዝሙሩ ሲግል በጓሮ ዞራ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ደወሉ ቅጭል ቅጭል አለ። ሰዎቹም ጭብጨባቸውን ከደወሉ ጋር አስተካከሉ። ጉዲቱ ስትገባ ጫልቱ እንባዋን እየጠረገች፣ "ዛሬስ መዝሙሩን ምን ነካው? እንዲህ አምሮ አያውቅም!" አለቻት።

ጉዲቱ ለሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ጆሯቸው ሥራ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን ሥራ ፈቷል ብላ፣ በሩ ሲከፈት የሚበራ፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር የተያያዘ አምፖል በቀይ ወረቀት ሸፍና ከፊት ለፊታቸው ሰቀለች። እሑድ በሩን ከፍታ ስትገባ አምፖሉ ቦግ ብሏል። ግድግዳውን፣ ዳቦውን፣ የጋሽ ወልደአማኑኤልን ራሰ በራ ሁሉ ቀይ አደረገው። ያየው ሰው የለም። ዓይኗን የገለጠችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ወይዘሮ የሺዓለም ደግሞ ሰው በጸሎት መካከል ዓይኑን ሲገልጥ ጨፍነውም ያውቃሉ።

"አንቺ! ምን ታፈጫለሽ? ጨፍኚ!" አሏት።

ጨፈነች። ጨፍናም ሳለ ነገሩ በራላት። እስካሁን የሠራችው ጆሮው ሥራ ለፈታ፣ ዓይኑም ለተገለጠ ሰው ነበር። ዓይኑ የተገለጠ ሰውማ ባጫን ራሱን ያየው የለም እንዴ? ምን አምፖል ያስፈልገዋል? ዕቃው መሠራት ያለበት ለነዚህ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ለሚጮኹት ነው። እነሱን አስተካክላ ለዕቃዋ የሚመቹ ልታደርጋቸው አይደለም የመጣችው።

ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ ተመለከተቻቸው። ሲንበረከኩ ሁሉም ክርናቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስደግፋሉ። እንግዲያው ወንበሩ ይናገር! የአግዳሚዎቹን እግር በማጠፊያ ሠርታ፣ በሩ ሲከፈት ወንበሩ በጣት ውፍረት ዝቅ እንዲል አደረገች። መጀመሪያ ራሷ ላይ ስትሞክረው ዝቅታው በዝቶ ምላሷን ነከሰች፤ ሰው ለማዳን የተሠራ ዕቃ ጥርስ ካረገፈ ምኑን ዕቃ ሆነ ብላ ቀነሰችው፣ ስፖንጅም ለጠፈችበት። "ወንበሩ ዝቅ ካለ ዓይን መግለጥ፣ ወደ ዳቦው መሄድ" ብላ ለሁሉም አስረዳች። ሁሉም ገባን አሉ።

እሑድ አቶ መርዳሳ በዚያ ባቡር በሚያስቆም ድምፃቸው፣ "ጌታ ሆይ፣ ሐዋርያት በጸለዩ ጊዜ ቤቱን እንዳናወጥህ ዛሬም አናውጠው!" እያሉ ይለምናሉ። ጉዲቱ በዚያው ደቂቃ ውጭ ሆና በሩን ከፈተችው።

ወንበሮቹ ዝቅ አሉ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። "ተናወጠ! ተናወጠ!" ጫልቱ ዘለለች፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ተንሰቅስቀው አለቀሱ፣ ዳቦውን ያስታወሰ የለም። እልልታው ጣቢያው ድረስ የተሰማ ይመስላል። ጉዲቱ በሩ ላይ ቆማ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

በኋላ እያፈረች እውነቱን ስትነግራቸው፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል በርኅራኄ አዩዋት። "ልጄ፣ በሩን በዚያች ሰዓት እንድትከፍቺ ያደረገሽ ማን ይመስልሻል?" አሏት። ይህ በትምህርት ቤት አልተነገራትም።

ሰኞ ምሳ ላይ ጉዲቱ አባቷን ያዘቻቸው።

"አባዬ፣ ምን ቢመጣ ነው 'ይህስ መንፈስ ቅዱስ አይደለም' የምትለው?"

አቶ መርዳሳ ማኘካቸውን አቆሙ። "እንዴት ማለትሽ ነው?"

"ነፋስ ብለቅባችሁስ?"

"ነፋስማ እሱ ነው።"

"ውሃ ባንጠባጥብባችሁ?"

"ውሃም ይሆናል።"

"እሳት?"

"እሳትማ!" ዓይናቸው በራ።

"ወፍ?"

"ርግብ ከሆነች እ..." ብለው ሳይጨርሱ፣ ጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ ስትለቅም የነበረች ዶሮ የእግራቸውን አውራ ጣት ነከሰቻቸው። "እሽ! ወግጅ! የምን መከራ ናት!" ብለው ብድግ አሉ።

ጉዲቱ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው። "ዶሮስ?" አለች።

አቶ መርዳሳ እግራቸውን እያሹ በቁም ነገር አሰቡበት። "ዶሮስ... የለም። በዶሮ አምሳል ወረደ ሲባል ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ የምታስበው ገባቸው። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ወይዘሮ የሺዓለም ከማድ ቤት "ምን ሆናችሁ?" እያሉ እስኪመጡ ድረስ ተያይዘው ሳቁ።

የዶሮው ቤት በረንዳው ሥር ነው። ጉዲቱ መዝጊያውን ወደ ላይ የሚንሸራተት ሳንቃ አደረገችውና ያንኑ ሲባጎ አሰረችበት፤ የግቢው በር ሲከፈት ሳንቃው ይነሳል። የናዝሬት ነፋስ በሩን ባወዛወዘው ቁጥር ዶሮ እንዳይለቀቅ፣ ሲባጎውን ትንሽ ላላ አደረገችው። ዶሮዎቹ እሑድ እሑድ ጾማቸውን እንዲውሉ ተወሰነ፤ ስንዴ ከአግዳሚዎቹ ሥር፣ የተንበርካኪዎቹ እግር መካከል ይበተናል። ዶሮዎቹ በሁለት ቀን ለመዱት። ከጉባኤው ቀድሞ የገባቸው እነሱን ነው።

"ሳሎኔን የዶሮ መፈንጫ ልታደርጊው ነው?" አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

"ከአባዬና ከምንጣፉ ምረጪ" አለቻቸው። ምንጣፉን ጠቀለሉት።

ጉዲቱ ስትሠራ አንድ ሌላ ነገር አሰበችና ደነገጠች። ቤቱ ቢፈተሽ ያ ቀይ አምፖል፣ ያ የሚታጠፍ ወንበር ምን ሊባል ነው? የወንበሩን እግር በምስማር መታችው፣ አምፖሉን ነቀለች፣ ደወሉን ለባለቤቱ መለሰች። ሰውን ለማዳን የተሠራ ዕቃ በሰው ላይ መመስከር የለበትም። ዶሮ ግን የሌለበት ቤት የለም፤ መርማሪ ፊት ብትቀርብም ምንም አትናገርም። በዚህ ግኝቷ ከደወሉም ከአምፖሉም ይልቅ ኮራች። በሙከራው እሑድ በሩን ወለል አድርጋ ስትከፍተው ዶሮዎቹ ተንጋግተው ገቡ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ ሃያ ጥንድ ዓይን ተገለጠ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ጉዲቱ እየሳቀች አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ተመለሰች።

የነሐሴ መጨረሻ እሑድ ለጉዲቱ የዕረፍቷ የመጨረሻ እሑድ ነበር። እናቷ "ለትምህርትሽ ከሆነ" ብለው አንድ ዓይን ፈቅደውላት፣ መስኮቱ አጠገብ ተንበርክካ በፈቀዱላት ዓይን ግቢውን ታያለች። አቶ መርዳሳ ይጸልያሉ፣ ሃያ ሰው ይጸልያል፤ ቤቱ ሞቋል።

የግቢው በር ተነቃነቀ። ባጫ ነው። በዚያ ቤት ልደት በዛ ስለተባለ እንዲያጣራ ተልኮ መጥቷል።

ባጫ በሩን ወለል አላደረገውም። ሰውን ሊይዝ የሚመጣ ሰው እንደዚያ አይከፍትም። ቀስ ብሎ፣ ትከሻው በሚያልፍበት ልክ ብቻ ገርበብ አድርጎ ሹልክ አለ። የላላው ሲባጎ ተወጠረ፤ ሳንቃው አራት ጣት ያህል ተነሳና ቆመ። ከሥሩ አምስት አንገት ወጣ፤ ሰውነት ግን አልወጣም።

ጉዲቱ በሩን ሁልጊዜ የሞከረችው እንደ ራሷ፣ እንደ ደስተኛ ሰው በርግዳ ነው። የሚከፍተውን ሰው ረስታዋለች! ዕቃው የሁለት ሰው ዕቃ ሆኖ ሳለ እሷ ለአንዱ ብቻ ነው የሠራችው። "አባዬ!" ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ከሃያው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ጸሎት ሆኖ ቀረ። ባጫ የግቢውን አጋማሽ አለፈ።

በዚህ ጊዜ፣ ወይዘሮ የሺዓለም "ሥጋ አልይዝ አለች፣ ትሸጥ" ሲሉባት የከረሙት ከሲታ ቄብ ራሷን እንደ ወረቀት አጥፋ በአራቱ ጣት ክፍተት ሾለከች። በባጫ እግር መካከል አልፋ፣ ደፉን ዘላ፣ ስንዴው ላይ ደረሰች። ከስንዴው አጠገብ የአቶ መርዳሳ ካልሲ አለ፤ ካልሲው ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው አውራ ጣት ይታያል።

"ዶሮ!" ብለው ጮኹ አቶ መርዳሳ።

"ዶሮ! ዶሮ!" አለ ጉባኤው። አንዷ ቄብ ለሃያ ሰው ተዳረሰች። ሁሉም ብድግ አለ፣ ወንበር ተገለበጠ፣ ሻማ ተለኮሰ። ባጫ በሩ ላይ ሲደርስ ሃያ ሰው እያጨበጨበ "መልካም ልደት" ይዘምራል፣ ቄቧ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ዳቦውን ትጫጭራለች።

"የማን ልደት ነው?" አለ ባጫ።

ይህን ማንም አልተዘጋጀበትም። ግማሹ ወደ ወይዘሮ የሺዓለም አመለከተ፣ ግማሹ ወደ ጋሽ ወልደአማኑኤል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ደግሞ ቀኑን ሳያጣሩ ስለተያዙ፣ በድንጋጤ ጣታቸውን ወደ ቄቧ ቀሰሩ።

ባጫ ቄቧን አየ። አቶ መርዳሳን አየ፤ ከዚያ የጥቅምት ቀን ወዲህ በመንገድ ሲያገኛቸው ዓይኑን እየሰበረ ነበር የሚያልፈው። በልጅነቱ ወባ ሲጥለው መርፌ የወጉት እሳቸው ናቸው።

"አካም ጂርታ፣ ባጫ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት አቶ መርዳሳ ቀስ ብለው። "ግባ፣ ዳቦ ቅመስ።"

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ጫልቱን ነው። አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር፤ ሳቁ በነጠላው አልፎ ወጣ። ከዚያ ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ከዚያ ሁሉም። የፍርሃት ሳቅ ነው፣ ማቆሚያ የለውም። ባጫ ከንፈሩን ነክሶ ታገለ፣ ታገለና ተሸነፈ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ። ቁራሽ ዳቦ በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ገለቶማ፣ ጋሽ መርዳሳ። ለዶሮዋም መልካም ልደት" ብሎ አመሰገነ።

ጉዲቱ እስከ በሩ ሸኘችው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ሲባጎው ላይ አረፈ፤ ከበሩ ተነስቶ በበከራው፣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ እስከ ዶሮው ቤት ድረስ ተከተለው። እዚያ አራት አንገት ከሳንቃው ሥር ወጥቶ ያየዋል።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም። "እኔ ነኝ" አለች።

ባጫ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋው። ጉዲቱ አፏን ዘግታ ቆመች። በሩ ቀስ ብሎ ገርበብ አለ፤ ሳንቃው አራት ጣት ተነሳና ቆመ። ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ባጫ በእግሩ በርግዶ ከፈተው፤ ሳንቃው ሽቅብ ተፈናጠረ፣ አራቱ ዶሮዎች እየተንጫጩ በመካከላቸው አልፈው ወደ ሳሎኑ በረሩ። ከውስጥ "ዶሮ!" የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ወዲያው "መልካም ልደት" እንደ አዲስ ተጀመረ።

ባጫ ሆዱን ይዞ ቆርቆሮው ላይ ተደገፈ። ሳቁ ሲበርድለት እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

"እኔ ስመጣ እንዲህ አድርጌ እከፍተዋለሁ" አለ። "ሌላ ሰው ከተላከ ግን አይበረግደውም። ሲባጎውን አሳጥሪው።"

"ነፋሱስ?" አለች ጉዲቱ። "በነፋስ ይለቀቃሉ።"

"ድንጋይ አስደግፊለት። ነፋስ ድንጋይ አይገፋም፣ ሰው ግን ይገፋል።" አካባቢውን ዞር ብሎ አየ፤ ጎዳናው ላይ አንድ ጋሪ ብቻ ያልፋል። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና በሩን በትከሻው ልክ ገርበብ አድርጎ ያዘላት። "ቶሎ በይ፣ እሰሪው፤ እኔ እይዘዋለሁ።"

ጉዲቱ ተንበርክካ ቋጠሮውን ፈታች፣ ሲባጎውን አሳጠረች፣ እንደገና አሰረች። አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች። ባጫ በሩን ዘግቶ እንደገና በትከሻው ልክ ብቻ ከፈተው። ሳንቃው እስከ ላይ ተነስቶ በረንዳውን ቋ አደረገው።

"ኧረ ተዉ!" አሉ ወይዘሮ የሺዓለም ከቤት ውስጥ። "ዳቦው አለቀ!"